በሁለተኛው ጥሪ

እስቲ ከራሴ ልጀምር፤ ስለ ራሴ ማውራት ድሮም አይከብደኝም። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ አንድ የተጣለ የመኪና ሬዲዮ አገኘሁ። ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ ደግሜ ፈታሁት፣ ሦስተኛው ላይ ዘፈነልኝ። ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ እኔ ያልነካሁት የመኪና ሽቦ ካለ፣ መኪናው ትናንት ማታ የገባ ነው ማለት ነው። ፒያሳ ያለችው ሱቄ ከአንድ ባጃጅ ብዙም አትሰፋም፤ ግን ወረፋ አላት። ባለቤቴ አስተማሪ ነች። «አንተ እኮ ብትማር ኖሮ የት በደረስክ!» ስትለኝ፣ «ብማር ኖሮማ አንቺን መቼ አይሽ ነበር» እላታለሁ። ትስቃለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚችው ቀልድ ትስቃለች። ወይ ትወደኛለች፣ ወይ ችላኛለች።

በመንዳት ደግሞ ማንም አይመጣብኝም። ከቤቴ፣ ከታቦር፣ ፒያሳ እስክወርድ ሰላም የማልለው ሰው የለም። ክላክስ አንዴ ለጓደኛ፣ ሁለቴ ለዘመድ፣ ረዘም አድርጌ ደግሞ ለአማቶቼ ወገን። አንዱን ሳላየው ባልፍ በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጥቶ «ምን በደልኩህ?» ይለኛል። ስለዚህ አንዱ እጄ ሰላምታ ላይ ነው፣ አንዱ እጄ ስልክ ላይ። መሪውስ? መሪውን በጉልበቴ ነበር የምይዘው። አዎ፣ በጉልበቴ! ይሄን ጥበብ ለማንም አላስተማርኩም ብዬ እኮራ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ዓይን ግን ሳያስተምሩት ይማራል።

ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ነች። ስትወለድ ጊዜዋ ሳይደርስ ነው የመጣችው፤ ሁለት እፍኝ አትሞላም ነበር። ሌሊት እናቷ ደክሟት ስትተኛ እኔ እጄን የሕፃኗ ደረት ላይ አድርጌ ትንፋሿን እጠብቃለሁ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ትንሽ ከዘገየ እኔም መተንፈስ አቆማለሁ። ሰዎች «ይሄ ሰውዬ ልጁ ላይ ስልክ ያበዛል» ሲሉኝ የማስበው ያንን ነው። ስልኩም ያው እጄ ነው፤ ትንሽ ረዘመ እንጂ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ለኳየር ልምምድ ሄደች። ደወልኩላት፣ አታነሳም። ደገምኩ፣ አታነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ከዚያ ሱቄን ክፍት ጥዬ፣ እጄ ግራሶ እንደሆነ፣ ሄጄ ኳየሩ መሃል ቆምኩ። «ለምንድነው ስልክ የማታነሺው?» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ እየዘመሩ ነበር፤ መዝሙሩ እዚያው ተቋርጦ ሳቅ ሆነ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። በሩ ላይ ስንደርስ ዞር ብላ፣

«አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለቴ ሳይጮህ አነሳልሃለሁ። አንተ ግን ሁለተኛ እንደዚህ እንዳትመጣ» አለችኝ።

ተስማማን። እሷም ቃሏን ጠበቀች። አንዴ ይጮሃል፣ ሁለተኛው ሳያልቅ «አቤት አባዬ» ነው። ፈተና ላይ ካልሆነች በቀር አንድም ቀን አሳልፋ አታውቅም። እኔ ደግሞ ይሄን ለሰው ሳላወራ ውዬ አላድርም። የሰው ልጅ ለአባቱ ስልክ የሚያነሳው ካርድ ሲያልቅበት ነው፤ የእኔዋ በሁለተኛው ጥሪ!

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት መንጃ ፈቃድ አወጣች። በመጀመሪያው ፈተና አለፈች፤ ይሄንን ፒያሳ ውስጥ ያልሰማ ሰው ካለ መስማት የተሳነው ነው። አሮጌዋን ነጭ መኪናዬን ስታሽከረክር ማየት ነበር! ፍሬቻ ታበራለች፣ ስፖኪዮ ታያለች፣ እናቷ እንዳዘዘቻት ቀበቶ ሳታስር ሞተር አትነካም። እኔ ስነዳ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትቆጣጠረኛለች።

«አባዬ፣ ስልክ።»

«የእኔ ሌላ ነው። እኔ ስልክ ይዤ ነው የተወለድኩት።»

«አንተ ስትወለድ እዚህ አገር ሞባይል አልነበረም።»

«ለዚህ እኮ ነው ሲመጣ ወዲያው የለመድኩት።»

«እህ» ትልና በመስኮት ታያለች። ያኔ «እህ» ያለችውን ብሰማ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ነው። አማቴ ከከተማ ወጣ ብላ ቡሹሎ ነው የምትኖረው፤ እሁድን ከእኛ ጋር እንድታሳልፍ ሄዶ የሚያመጣት ሰው ያስፈልጋል። ልጄ «እኔ ብቻዬን ላምጣት» አለች። ብቻዋን ስትነዳ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ ቁልፉን ሰጠቻት። እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ የሱቄ ጎን ካለችው ካፌ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ልጄ ለብቻዋ መኪና ይዛ ልትወጣ መሆኑን አስተናጋጇም ሳትቀር ሰምታለች።

ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

«የት ደረስሽ?»

«አባዬ፣ ገና ከግቢ እየወጣሁ ነው።»

«እሺ። ቀስ።»

ማኪያቶዬን ሁለቴ ፉት አልኩና ደግሜ ደወልኩ።

«አሁንስ?»

«ዋናው መንገድ ላይ ነኝ።»

«ስፖኪዮ እያየሽ ነው?»

«እያየሁ ነው።»

«ስልክ ይዘሽ እንዳትነጂ!»

«አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ የደወልከው።»

ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ይሄ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሦስተኛውን ጥሪ ልናገር። ለጭንቀት ቢሆን ኖሮ አባት ነው ይባልልኝ ነበር። አልነበረም። አንደኛው ጓደኛዬ «የእኔ ልጅ እንኳን ለእኔ ለእናቱም አያነሳም» ብሎ አማረረ። እኔ ምን ቢያናግረኝ ጥሩ ነው? «የእኔዋ በሁለተኛው ጥሪ ነው። ቁጠሩ!» አልኩና ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አድርጌ ድምፁን ከፈትኩት። ሦስታችንም አጎንብሰን እንጠብቃለን።

አንድ ጮኸ።

ሁለት።

«አቤት አባ—»

ከዚያ ጎማ ሲንሸራተት ተሰማ። ቀጥሎ ትልቅ እርጥብ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ፣ ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር «ዱብ»። ከዚያ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ዶሮ ጮኸች።

ስልኩ አልተቋረጠም። ሰከንዱ ይቆጥራል። «ልጄ! ልጄ!» እላለሁ፣ የምትመልስልኝ ዶሮዋ ናት። ጓደኛዬ ማኪያቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው፤ ምን ያድርግ? እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ መንገድ ላይ ወጣሁና ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ዘለልኩ።

«ቡሹሎ! ብረር!»

ባለባጃጁ ደንበኛዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ደስተኛ ሰው። ገና መንገዱን እንደያዝን ፊቱ የተሰካው ስልክ ጮኸ። እጁን ሰደደና አነሳው።

«ሄሎ! አለሁ ባክህ፣ ቡሹሎ እየሄድኩ ነው—»

«ዝጋ!» አልኩት። «ዝጋው ስልኩን! ሰው ልትገድል ነው?»

ደነገጠ። ዞሮ እያየኝ፣ «ጋሼ፣ ይሄን መያዣ የሰካህልኝ አንተ እኮ ነህ። ‹እየነዳህ ፊት ለፊትህ ታየዋለህ› ብለህ» አለኝ።

«መንገዱን እይ!»

ከዚያ በመስታወቱ አየኝ፤ እያለቀስኩ ነበር።  ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገና ነዳ።

ከእኔ ስልክ ውስጥ አሁን ሰዎች ይሰማሉ። በሲዳምኛ ነው የሚያወሩት፤ ከአማቴ የለቀምኳት ጥቂት ሲዳምኛ አለችኝ። አንዲት ሴት «ውሃ አምጡ» ስትል ገባኝ። እኔ ሳልማር ብዙ ነገር ያወቅኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩ። ውሃ የሚመጣለት ሰው ውሃ መዋጥ ይችላል። መዋጥ ከቻለ አለ። ይቺን ይዤ ቡሹሎ ደረስኩ።

መኪናዬ አፍንጫዋን እንሰት ውስጥ ቀብራ ቆማለች። አራት እንሰት ተገንድሷል፤ ጭማቂው ኮፈኑ ላይ ይፈሳል። እንሰት ወፍራም ነው፣ ግን ለስላሳ ነው፤ እንደ ፍራሽ ነው የተቀበላት። አጠገቡ ባህር ዛፍ አለ፣ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ባህር ዛፉን ብትመታ ኖሮ ይሄን አላወራም ነበር። መንገዱ ላይ ሣር የጫነ የአህያ ጋሪ ቆሟል፤ አህያዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ከራሷ ጭነት እየመዘዘች ትበላለች። ልጄ ስልኩን ከቦርሳዋ ለማውጣት ባጎነበሰችበት ጊዜ ጋሪው ቆሞ ነበር። ቀና ስትል አየችው፣ መሪውን ጠመዘዘች። ይሄው ነው ታሪኩ። ሁለት ጥሪ የሚያህል ጊዜ ነው።

እሷ የእንሰቱ ባለቤት ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጋቢ አልብሰዋታል። ከንፈሯ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ትከሻዋ ላይ ቀበቶው የያዘበት ቀይ ሰንበር አለ። ጎረቤት ተሰብስቧል። ባለቤትየዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ የውሃ ጣሳ ይዘው ከፊቷ ቆመው በአማርኛ ይጠይቋታል።

«ማነው የደወለልሽ?»

ልጄ ቀና ስትል እኔን አየችኝ። ዓይኗ እኔ ላይ እያለ፣

«ጓደኛዬ ነች» አለች።

ልጄ ዋሽታ አታውቅም። ይሄን ስል ጉራ አይደለም። የመጀመሪያዋ ውሸት ነበረች፣ እሷንም ለእኔ አወጣቻት።

ሰፈሩ በሙሉ ያችን ጓደኛ ያዛት። «ይቺ ጓደኛ አይደለችም፣ ጠላት ነች!» አለ አንዱ። «ሥራ የላትም እንዴ?» አለች አንዷ። ባለ ጋሪው ደግሞ «እንዲህ ዓይነቷን ልጅ እናት አባቷ ሊቀጧት ይገባል» አለ። እኔ መሃላቸው ቆሜያለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዝም ማለት ደግሞ ሞክሬው አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የደወልኩት እኔ ነኝ። አባቷ ነኝ።»

ሴትየዋ ከጫማዬ እስከ አናቴ አዩኝ።

«አንተ ነህ ጓደኛዋ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ምን ልትላት ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ ወሬ አጥቼ አላውቅም፤ ፈልጌ ፈልጌ ምንም አጣሁ።

«ምንም» አልኳቸው። «እንድታነሳ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ሰው እንዲያይልኝ።»

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ልጄ ጋቢውን ወደ ፊቷ ሳበችው።

«እማማ፣ እንሰቱን እተካልዎታለሁ» አልኩ።

«አምስት ዓመት ያሳደግኩትን በምን ትተካልኛለህ?» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና ፍርዳቸውን ሰጡ። «አራት ችግኝ ታመጣላችሁ። አንተ አይደለህም፣ እሷ ናት የምታመጣው። ራሷ ነድታ። በሌላ ሰው እጅ ቢመጣ አልቀበልም። እስከዚያ ይሄ መያዣ ነው።» ይሄን ብለው ስልኬን ከእጄ ወሰዱና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ባለ ጋሪው «ጥሩ ፍርድ ነው» አለ። አህያዋም የተስማማች ይመስለኛል።

ሰው ተባብሮ መኪናዋን ጎትቶ አወጣልን፤ አማቴን የማምጣቱ ነገር ለሌላ ቀን ቀረ። ፓራውልቷ ተንጠልጥሏል፣ በሽቦ አሰርኩት። አንድ ዓይኗ፣ የፊት መብራቷ፣ ጠፍቷል። ልጄ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

«ሁለተኛ አልነዳም አባዬ።»

መሪ ላይ ተቀመጥኩ። ቀበቶውን ሳብኩ፤ ከሆዴ በየት በኩል እንደሚያልፍ አላውቅበትም። እሷ ጎንበስ ብላ አሰረችልኝ፣ እኔ ድሮ የጫማዋን ክር እንደማስርላት። ከዚያ ነዳሁ። ሁለት እጄ መሪ ላይ። ከተማ ስንገባ አንዱ ደንበኛዬ ከእግረኛ መንገድ ላይ እጁን ያውለበልባል።

«አባዬ፣ ሰውየው ሰላም እያለህ ነው።»

«ይቆየኝ። ቤቱ ሄጄ እመልስለታለሁ።»

 ጎንበስ ብላ እግሬን አየችና፣ «ጉልበትህም ቦታው ነው» አለችኝ። ለካ ስታየው ኖራለች።

ቤት ስንደርስ እናቷ ልጇን ከፀጉሯ እስከ ጥፍሯ ዳሰሰቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ደውዬልህ ነበር። አንዲት ሴትዮ አነሱና ‹ባልሽ ተቀጥቷል› አሉኝ። ምን አድርገህ ነው?»

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ቁጠሩ ያልኩትንም። አልጮኸችብኝም። ተነስታ ገብታ አለቀሰች፤ ያ ከጩኸት ይብሳል።

ሳምንቱን ቁልፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዋለ። ልጄ በአጠገቡ ስታልፍ አታየውም፤ ግን እንዳላየ የሚያልፍ ሰው አረማመድ ያስታውቃል። እኔ መብራቷን ሠራሁ፣ ፓራውልቷን አቃናሁ፣ ስለ መንዳት ትንፍሽ አላልኩም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውስጤ ግን ይላል፦ ያቺ ስፖኪዮ እያየች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትነዳ ልጅ በእኔ ጉራ ጠፍታ ትቅር እንዴ?

ረቡዕ ምሳ ላይ ነው፣ ሳህኗን እያየች፣ «የእንሰት ችግኝ ገበያ ይገኛል?» አለች።

«ይገኛል» አለች እናቷ በፍጥነት፤ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ሐሙስ ልጄና እኔ በእግራችን ገበያ ሄድን። ሥሩን እያየች፣ ቅጠሉን እያገላበጠች፣ አራት መረጠች። እኔ አምስተኛ ላንሳ ስል «አራት ነው የሰበርኩት» አለችኝ። «የሰበርነው» አልኳት። አምስተኛውን ጨመረችው።

ቅዳሜ ጠዋት ችግኞቹ ተጫኑ። «አብሬሽ ልሂድ?» አልኳት።

«አይ። አንተ አጠገቤ ካለህ ታወራለህ።»

ስልኳን ራሷ አጠፋችና ከኋላ ከችግኞቹ ጋር አስቀመጠችው። ቀበቶዋን አሰረች። ቁልፉን ከማዞሯ በፊት የተስተካከለውን ስፖኪዮ ሦስቴ አስተካከለች፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ። ፍሬቻ አበርታ ወጣች።

ባለቤቴና እኔ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። የባለቤቴ ስልክ በመሃላችን ወንበሩ ላይ አለ። አሥር ደቂቃ። እጄ ሄደ።

«እጅህ» አለች ባለቤቴ።

መለስኩት። ሃያ ደቂቃ። እንግዲህ አሁን የቡሹሎ መታጠፊያ ጋ ናት። ወይ ጋሪ ቆሞ ይሆናል።

«የት እንደደረሰች ብቻ—»

«መንገድ ላይ ናት። ትድረስ።»

«ስልኳ እኮ ጠፍቷል፣ ብደውልም አይጠራም። ታዲያ ብሞክረው ምን አለበት?»

«እጅህ አልኩህ።»

እጄን ወስዳ በሁለት እጇ ያዘችው። የእሷም እጅ ቀዝቃዛ ነበር። እንደዚያ እንደ ሕፃንነቷ ሌሊት ትንፋሽ ጥበቃ ነው፤ ልዩነቱ አሁን እጄን የማሳርፍበት ደረት ሩቅ ነው። ሠላሳ ደቂቃ። አርባ። ባጃጅ አለፈ፣ ሰው አለፈ፣ ሰላም ያለኝም አለ። አልመለስኩለትም፤ በእግሬ ሄጄ የምመልስላቸው ሰዎች ቁጥር እየበዛ ነው።

ስልኩ ጮኸ።

የልጄ ስም አይደለም የወጣው። «ጉረኛው» ይላል። ባለቤቴ የእኔን ቁጥር የመዘገበችው በዚህ ስም መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ከቡሹሎ፣ ከነጠላው ጫፍ ተፈትቶ፣ የራሴ ስልክ ለራሴ እየደወለ ነው።

«አንተ ነህ፣ አንሳው» አለችኝ እየሳቀች፣ እያለቀሰች።

በሁለተኛው ጥሪ አነሳሁት።

«ሞተሩን አጠፋሽው?» አልኩ።

 በመልስ ፈንታ «ቅጭል ቅጭል» የሚል ድምፅ መጣ። ከመኪናው የነቀለችውን ቁልፍ ስልኩ አጠገብ እያንቃጨለች ነው። ከኋላዋ የሴትየዋ ሳቅ ይሰማል፤ ያቺ ዶሮም አለች።

«አባዬ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ» አልኳት። «እስቲ ድገሚልኝ።»